የወንድም ፊት በስንት ዓይን ይሣላል?

በኢትዮጵያ የቆየ ሥዕል ውስጥ ወዳጅና ጠላት በዓይን ይለያሉ። ቅዱሱም፣ ንጉሡም፣ የወገን ጦርም ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ ይሣላል፤ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ሰይጣን፣ አሳዳጅና ወራሪ ደግሞ በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። የዓድዋን ጦርነት የሚያሳይ ሥዕል ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ልብ ሳይለው አይቀርም። በአንድ ወገን ባለ ሁለት ዓይን ሠራዊት፣ በሌላው ወገን ባለ አንድ ዓይን ጣሊያን። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ ለማወቅ አይቸገርም።

ባሕር ተሻግሮ ለመጣ ጠላት ይህ ዘዴ ግሩም ነው። የእርስ በርስ ጦርነት ላይ ግን ሠዓሊው ብሩሹን እንደያዘ ይቀራል። ማንን ነው በአንድ ዓይን የሚሥለው? ያኛው የሚናገረው የእሱን ቋንቋ ነው። የአክስቱ ልጅ ሊሆን ይችላል። አንድ ክፍል ተምረው ይሆናል። የወታደር ልብሱን ቢያወልቅ የሚለየው ነገር የለም።

የእርስ በርስ ጦርነትን የሣሉ ሰዎችን ሥራ ሳይ ሁሌም የምፈልገው ይህንኑ ነው። የጠላት ፊት የት አለ? አንዳንዱ ደብቆታል። አንዳንዱ አውሬ አድርጎታል። አንዳንዱ ደፍሮ ፊት ለፊት ሥሎታል። በእኔ እምነት ዘመን የተሻገሩት ሥራዎች ለዚህ ጥያቄ የራሳቸውን መልስ ያገኙት ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀላሉ መልስ የፖስተር መልስ ነው። ከ1936 እስከ 1939 በተደረገው የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሁለቱም ወገኖች የከተማ ግድግዳዎችን በፖስተር ሞልተዋቸው ነበር። በመንግሥቱ ላይ ያመፀው የጄኔራል ፍራንኮ ወገን ራሱን "ብሔረተኛ" ብሎ ይጠራ ነበር። የመንግሥቱ ደጋፊ የሆኑት የሪፐብሊኩ ሰዎች ይህንኑ ስም ወስደው አንድ ፖስተር ሠሩበት። በጀልባ ላይ ጄኔራል፣ ከፍተኛ ቄስ፣ የናዚ ምልክት ያደረገ ወፍራም ባለገንዘብና ከሞሮኮ የመጡ ወታደሮች ተሳፍረዋል። ከላይ አሞራ ቆሟል። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ እነዚህ ስፔናውያን አይደሉም፣ ከውጭ የመጡ ናቸው። በሌላው ወገን ፖስተር ላይ ደግሞ ሪፐብሊካኑ ሁሉ የሞስኮ ቅጥረኛ ነበር።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ወንድምን መግደል ይከብዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ባዕድ መሆን አለበት። ያ የአንድ ዓይን ሥዕል በሌላ መልኩ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ከፖስተሮቹ መካከል በጥበባቸው የሚያስደንቁ አሉ። ቀለማቸው፣ የፊደል አጣጣላቸው እስከ ዛሬ የግራፊክስ ተማሪዎች የሚያጠኑት ነው። ስለሞተው ሰው ግን ምንም አይነግሩንም።

ከዚህ ፍጹም ተቃራኒ የሆነ አንድ ትንሽ ሥዕል ፓሪስ ውስጥ በሉቭር ሙዚየም አለ። ትንሽ ስል የምሬን ነው። 29 በ22 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከደብተር ገጽ ብዙም አይበልጥም። የሣለው ኤርነስት ሜሶኒዬ ይባላል። ጁን 1848 ላይ የፓሪስ ሠራተኞች መንግሥት የከፈተላቸው የሥራ ጣቢያዎች ሲዘጉባቸው አመፁ፤ መንገድም ዘጉ። ሠራዊቱና ብሔራዊ ዘቡ በመድፍ ደመሰሷቸው። ሜሶኒዬ በዚያ ጊዜ የብሔራዊ ዘቡ መድፈኛ ሻምበል ነበር። ማለትም ከገዳዮቹ ወገን ነበር። የአንዱ የመንገድ ምሽግ ተከላካዮች ሲያልቁ በዓይኑ አይቷል።

የሣለው ድሉን አልነበረም። ጠባብ መንገድ ሣለ። በሁለቱም በኩል ጭር ያሉ ቤቶች አሉ። ከመንገዱ የተፈነቀለ ጥርብ ድንጋይ ተበታትኗል። ድንጋዩ ላይ፣ ድንጋዩ ውስጥ፣ ከድንጋዩ ጋር ሬሳዎች ተኝተዋል። መጀመሪያ ስታዩት ድንጋይና ሰው አይለዩም። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን አንዱ ጉብታ ትከሻ ይሆናል። አንዱ ጥላ ጫማ ይሆናል። ከዚያ ሸሚዞቹንና ሱሪዎቹን ታያላችሁ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ። የፈረንሳይ ባንዲራ ቀለሞች ናቸው፤ መሬት ላይ ተጥለዋል። ለሕዝብ ሲያቀርበው የሰጠው ስም "የእርስ በርስ ጦርነት ትዝታ" የሚል ነበር።

ከ18 ዓመት በፊት ደላክርዋ በ1830 አብዮት ላይ የሣለው ሥዕል እዚያው ሉቭር አለ። ባንዲራ የያዘች ሴት ሕዝቡን እየመራች ሬሳ ተሻግራ ትመጣለች። ያኛው ሦስት ሜትር ከሩብ ያህል ስፋት አለው። ያ ለአደባባይ የተሣለ ነው። የሜሶኒዬ ግን ጎንበስ ብላችሁ ካላያችሁት አይታይም። መጠኑን ማሳነሱ በራሱ መልስ ይመስለኛል። ወንድምህን ገድለህ ግድግዳ የሚያክል ሸራ አትዘረጋም። ደላክርዋ ራሱ የዚህን ሥዕል የውሃ ቀለም ረቂቅ ከሜሶኒዬ በስጦታ ተቀብሎ ነበር።

ወደ አሜሪካ እንሻገር። ከ1861 እስከ 1865 በተደረገው የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ፎቶግራፍ ነበረ። ግን የዚያን ጊዜ ካሜራ የሚንቀሳቀስ ነገር መያዝ አይችልም። ጋዜጣም ፎቶ ማተም አይችልም ነበር። ስለዚህ ሳምንታዊ ጋዜጦች ሠዓሊዎችን ወደ ግንባር ላኩ። እንደ ሃርፐርስ ዊክሊ ያሉት አልፍሬድ ዋውድን የመሰሉ ሰዎች ነበሯቸው። እነሱ ፈረስ ላይ ሆነው ወይም ሣር ላይ ተኝተው በእርሳስ ይነድፋሉ። ጊዜ ሲያጥር ጠርዙ ላይ በጽሑፍ ይሞሉታል፤ "እዚህ ጭስ፣ እዚያ ዛፍ" ብለው።

ወረቀቱ በፈረስና በባቡር ኒው ዮርክ ይደርሳል። እዚያ ንድፉ እንጨት ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል። ሥዕሉ ትልቅ ከሆነ እንጨቱ ከትንንሽ ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ነው። ቁርጥራጮቹ ተፈትተው ለተለያዩ ቀራጮች ይታደላሉ። አንዱ ሰማዩን፣ አንዱ ፈረሱን፣ አንዱ የወደቀውን ሰው ይቀርጻል። ሲያልቅ ተመልሶ ይገጣጠማል። አንዳንዱ ኅትመት ላይ መጋጠሚያው እንደ ስስ ነጭ መስመር ይታያል። እንግዲህ አንባቢው እጅ የሚደርሰው ሬሳ ቢያንስ በሁለት ሦስት ሰው እጅ ያለፈ ነው። በየእጁ ደግሞ ትንሽ እየጸዳ፣ ትንሽ እየተዋበ ይሄዳል። ግንባር ላይ የነበረው ሰው በትክክል ምን እንዳየ ለማወቅ ኅትመቱን ትቶ የእርሳስ ንድፉን ማየት ይሻላል።

ከእነዚህ ሠዓሊዎች አንዱ ዊንስሎው ሆመር ነው። የቦስተን ልጅ ነው፤ የሰሜኖቹ ወገን ማለት ነው። ኖቬምበር 1862 ላይ ሃርፐርስ አንድ ሥራውን አተመ። አንድ አነጣጣሪ ወታደር ዛፍ ላይ ተቀምጧል። መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ ደግኗል። የውሃ ኮዳው ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ዒላማው የለም። ከሥዕሉ ጠርዝ ውጪ ነው። የሚሞተው ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ አናውቅም፤ ምናልባት ቡና እየጠጣ ይሆናል። ሆመር በእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ መነጽር አሻግሮ አይቶ ያውቅ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሠራዊቱ ውስጥ ካየው ሁሉ ለነፍስ ግድያ የቀረበው ነገር እሱ እንደነበረ ተናግሯል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሆመር ወደ ዘይት ቀለም ዞረ። በ1866 "ከግንባር የመጡ እስረኞች" የሚለውን ሣለ። አሁን ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው ያለው። በአንድ በኩል የሰሜኑ ጄኔራል ቆሟል። ፍራንሲስ ባርሎው ይባላል። በሌላ በኩል ሦስት የደቡብ እስረኞች አሉ። አንዱ ወጣት መኮንን ነው፤ ጸጉሩ ረዝሟል፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጄኔራሉን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። መሐል ያለው ሽማግሌ ነው፤ ጺሙ ሸብቷል፣ ልብሱ ተቦጫጭቋል። ሦስተኛው ገና ልጅ ነው፤ ትከሻው ወድቆ ተንዘላዝሏል። መሣሪያቸው እግራቸው ሥር ተጥሏል። ከኋላቸው ያለው ምድር ዛፉ ተጨፍጭፎ ጉቶ ብቻ ቀርቷል።

እዚህ ሥዕል ላይ ማንም አይሞትም። ሰንደቅም አይውለበለብም። ያለው መተያየት ብቻ ነው። የተሸነፉት ሦስት ሰዎች የአንድ ነገር ስብስብ አይደሉም፤ እያንዳንዱ የራሱ ፊት፣ የራሱ ዕድሜ፣ የራሱ ድካም አለው። ሽማግሌውን ያየ የሰሜን ሰው አባቱን ሳያስታውስ ያልፋል ብዬ አላስብም። ጠላት በሁለት ዓይን ሲሣል ይህን ይመስላል።

እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ። ለሁለቱም ወገን እኩል ፊት መስጠት ጥሩ ነው። ጥፋቱንም እኩል ማካፈል ግን ሌላ ነገር ነው። የአሜሪካው ጦርነት ሥር ባርነት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት አሥርተ ዓመታት የሰሜንና የደቡብ አርበኞች ሲጨባበጡ የሚያሳይ ምስል በዛ። በ1913 የጌቲስበርግ ጦርነት 50ኛ ዓመት ሲከበርም አረጋውያኑ ተዋጊዎች በድንጋይ ካቡ ላይ እጅ ለእጅ ሲያያዙ ፎቶ ተነሡ። ደስ የሚል ምስል ነው። ከምስሉ የጠፋው ግን ባሪያ የነበረው ሰው ነው። እርቁ የተሣለው እሱን ከሸራው አውጥቶ ነው።

ሆመር ለዚህም አንድ ሥራ አለው። "አንደርሰንቪል አጠገብ" ይባላል፤ የእስረኞች ካምፕ የነበረበት ቦታ ስም ነው። ኒውዋርክ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። አንዲት ጥቁር ሴት በር ላይ ቆማለች። በሩቁ የደቡብ ወታደሮች የተማረኩ የሰሜን ወታደሮችን እየነዱ ይሄዳሉ። ጦርነቱ ጥግ ላይ ነው፤ ትንሽ ነው። መሐሉን የያዘችው እሷ ናት። የእነዚያ ወታደሮች መማረክ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበባል። ስለ አንድ የእርስ በርስ ጦርነት አሥር ሥዕል ባሳይ አንዱ ይህ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ማን ገደለ፣ ማን ሞተ ከሚለው በተጨማሪ በጦርነቱ የማን ዕጣ እንደተወሰነ ያሳያል።

ስፔናዊው ፍራንሲስኮ ጎያ የእነዚህ ሁሉ አባት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከናፖሊዮን ጦር ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ "የጦርነት መዓቶች" የሚባሉትን የመዳብ ቅርጾች ሠራ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ፈረንሳዮች ሲገድሉ የሚያሳዩትን ነው። ከመካከላቸው ግን ስፔናውያን የገዛ ወገናቸውን መሬት ለመሬት ሲጎትቱ የሚያሳይ አለ። ጎያ ከሥሩ "ይገባው ነበር" ብሎ ጻፈበት። የማን ድምፅ ነው ይህ? የሠዓሊው አይመስለኝም። የጎታቾቹ ይመስለኛል። ጎያ ቅርጾቹን በሕይወት ሳለ ለሕዝብ አላወጣቸውም። የታተሙት በ1863 ነው፤ ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ።

በስተርጅናው ደግሞ በሚኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች በዱላ ሲደባደቡ ሣለ። ዛሬ ማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ነው ያለው። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሌላ ሰው የለም። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው መሬት ውስጥ የተቀበሩ ይመስላሉ። መሸሽ አይችሉም። አንዱ ፊቱ በደም ተሸፍኗል። ልብሳቸው አንድ ዓይነት ነው። ስፔናውያን ይህን ሥዕል ለትውልዶች የእርስ በርስ ጦርነታቸው መስታወት አድርገው ሲያዩት ኖረዋል።

አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሥዕሉ ከግድግዳው ላይ ተነሥቶ ወደ ሸራ ከመዛወሩ በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ አለ። እዚያ ላይ እግራቸው ያለው ሣር ውስጥ ነው እንጂ አልተቀበሩም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። በዝውውሩ ጊዜ ሥዕሉ ተጎድቶ፣ ሣሩም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። በሣር ውስጥ የቆመ ሰው መሄድ ይችላል። የሚደባደበው ስለፈለገ ነው። እኔ ይሄኛው ይበልጥ ያስፈራኛል።

ሳልቫዶር ዳሊ በ1936 ሁለቱን ሰዎች አንድ አደረጋቸው። አንድ ግዙፍ አካል ራሱን በራሱ ይቦጫጭቃል። እጁ የገዛ ጡቱን ይጨምቃል። እግሩ የገዛ ወገቡን ይረግጣል። ከሥር የተቀቀለ ባቄላ ተበትኗል። ሥዕሉን የስፔን ጦርነት ከመፈንዳቱ በፊት እንደሠራው ተናግሯል፤ "የእርስ በርስ ጦርነት ቀድሞ ሲታይ" የሚለውን ስም ግን በኋላ ነው የጨመረው የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ኃይለኛ ነው። ነገር ግን አካሉ አንድ ከሆነ በዳይም ተበዳይም የለም። እዚህ ላይ ዳሊ ትንሽ ያመለጠ ይመስለኛል።

ፒካሶ ጌርኒካን ሲሥል ወገን ነበረው። ሥዕሉን ያዘዘው የሪፐብሊኩ መንግሥት ነው፤ በ1937 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን። ኤፕሪል 26 ቀን፣ ሰኞ ለት፣ የገበያ ቀን፣ ፍራንኮን የሚረዱ የጀርመንና የጣሊያን አውሮፕላኖች የባስኮችን ከተማ ጌርኒካን በቦምብ አነደዷት። ፒካሶ ሥራውን በሜይ መጀመሪያ ጀምሮ በጁን መጀመሪያ ጨረሰው። ዶራ ማር የተባለችው ፎቶ አንሺ ሸራው በየጊዜው ሲለወጥ እያነሣች አስቀርታልናለች።

ፎቶዎቹ ላይ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ የወደቀው ተዋጊ ክንዱን ወደ ሰማይ ዘርግቷል፤ ጡጫውን ጨብጧል። ጡጫው የሪፐብሊካኑ ሰላምታ ነው። ቀጥሎ ጡጫው የስንዴ ዘለላ ያዘ። ከዚያ ክንዱ ጨርሶ ጠፋ። ያለቀው ሥዕል ላይ ሰውየው መሬት ላይ ተዘርሯል፤ እጁ የተሰበረ ሰይፍ ይዟል። አውሮፕላን የለም። ፍራንኮ የለም። የጀርመን ምልክት የለም። ልጇን የታቀፈች እናት፣ የምታጓራ ፈረስ፣ በሬ፣ መብራት። ፒካሶ የጠላትን ፊት ጨርሶ አወጣው። የራሱን ወገን ምልክትም አብሮ አወጣ። የቀረው የተመታው ሰው ነው።

ያ ሸራ ወደ 3 ሜትር ተኩል ቁመትና ወደ 7 ሜትር ከ80 ስፋት አለው። ወደ ስፔን የገባው በ1981 ነው፤ ፍራንኮ ከሞተ በኋላ፣ ዴሞክራሲ ሲመለስ። መጀመሪያ የተሰቀለው ጥይት በማይበሳው መስታወት ጀርባ ነበር። ጦርነቱ ካበቃ 42 ዓመት ሆኖት፣ ስፔን የገዛ ሥዕሏን ከገዛ ልጆቿ መጠበቅ ነበረባት።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ልምጣ። ሶርያዊው ሠዓሊ ታማም አዛም ጦርነቱ ሲጀመር አገሩን ትቶ ዱባይ ገባ። ስቱዲዮውን ሲያጣ በኮምፒዩተር መሥራት ጀመረ። በአንድ ሥራው በጥይት የተበሳሳ ሕንፃ ፎቶ ወስዶ የጉስታቭ ክሊምትን "መሳም" ግድግዳው ላይ አሳረፈበት። 2013 ላይ ምስሉ በኢንተርኔት ዓለምን አዳረሰ። ብዙ ሰው ሶርያ ውስጥ እውነተኛ ግድግዳ ላይ የተሣለ መስሎት ነበር። አዛም ማንንም ለማታለል አልሠራውም። ግን ያኔ የታየው መምታታት ዛሬ የየቀኑ ነገር ሆኗል።

ዛሬ አንድ ሰው ስልኩ ላይ ጥቂት ቃላት ጽፎ የምታለቅስ እናት ምስል ማሠራት ይችላል። ፍርስራሹ አለ፣ አቧራው አለ፣ እንባው አለ። ያቺ ሴት ግን የለችም። ምስሉን የሚለቁት ሁሉ ክፉ አይደሉም፤ አዝነው የሚያጋሩ ብዙ ናቸው። ጉዳቱ ግን በእውነት ልጅዋ በሞተባት ሴት ላይ ነው የሚያርፈው። የእሷ ፎቶ ሲመጣ "ይሄም ተሠርቶ ነው" ይባላል። ለካጂ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ፖስተሩም ተመልሷል፤ ያኛውን ወገን አውሬ የሚያደርግ ምስል በየደቂቃው ይመረታል።

ጎያ ከአንዱ ቅርጹ ሥር "እኔ አየሁት" ብሎ ጽፏል። ሰዎች ከመንደራቸው ሲሸሹ የሚያሳይ ነው። ሁሉንም በዓይኑ አላየም ይሆናል። ቃሉን ግን ስሙን አስይዞ ነው የሰጠው። ሜሶኒዬም፣ ዋውድም፣ ሆመርም እንደዚያው። ከምስሉ ጀርባ "እኔ ነበርኩ" የሚል ሰው አለ። የማሽን ምስል ጀርባ ማንም አልነበረም።

ይህን ከሁሉ በላይ ያሳዩኝ ልጆች ናቸው። በስፔን ጦርነት ጊዜ ከቦምብ የሸሹ ልጆች በየመጠለያው እንዲሥሉ ወረቀት ይሰጣቸው ነበር። ከ600 በላይ ሥዕሎቻቸው ሳን ዲዬጎ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጠዋል። አውሮፕላኖቹን በጥንቃቄ ነው የሣሏቸው። አንድ ሞተር ያለውንና ሁለት ሞተር ያለውን ይለያሉ።

በ2007 ደግሞ ምሥራቅ ቻድ ባሉ ካምፖች ከዳርፉር የተሰደዱ ልጆች የማይረሱትን ነገር እንዲሥሉ ተጠየቁ። 500 ያህል ሥዕል ተሰበሰበ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ሥዕሎቹን የወንጀሉን ሁኔታ የሚያስረዳ ማስረጃ አድርጎ ተቀብሏቸዋል። የሚነድ የሣር ጎጆ አለ። ከላይ ሄሊኮፕተር አለ። ፈረስና ግመል የተቀመጡ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አሉ። ከጠመንጃው አፍ የወጡት ጥይቶች አንድ በአንድ በነጥብ ተሥለዋል። ነጥቦቹ ወረቀቱን አቋርጠው ሄደው አንድ ሰው ላይ ያልቃሉ።